ለዘጠኝ ሰው ቦታ የለም

ያቺን ዓረፍተ ነገር ከጁላይ ጀምሮ ሳዘጋጃት ቆይቻለሁ። ሥራዬ የማይክሮስኮፕ መመሪያ መጻፍ ስለሆነ ቃል መምረጥና መቀነስ ልማዴ ነው። ስቀንስ፣ ስቀንስ፣ በመጨረሻ አንዲት አጭር ነገር ቀረችኝ። በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ማክሰኞ ጠዋት፣ ካልቪን የሌንስ መፈተሻው ላይ አጎንብሶ ሳለ፣ አጠገቡ ቆሜ አልኳት።

«በኦክቶበር መጀመሪያ አንዱን ቅዳሜና እሑድ ሴኔካ ሐይቅ ብንሄድስ? ወይን ቀምሰን፣ ሳንጣደፍ፣ ዘና ብለን።»

ካልቪን ቀና አለ። መመልከቻው በግራ ዓይኑ ዙሪያ ክብ ምልክት ትቶበታል። ፊቱ በራ። እኔም ለአፍታ፣ ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው እንዴ፣ ብዬ አሰብኩ።

«ማርጎ! እንዴት ያለ ሐሳብ ነው!» አለ። «እኔ ደግሞ ይሄ ክፍል አንድ ቀን እንኳ አብሮ ወጥቶ አያውቅም እያልኩ ሳማርር! ቆይ፣ ለሁሉም ልንገራቸው።»

«አይ፣ እኔ እንኳን…»

«አንቺ አታስቢ። እኔ እነግራቸዋለሁ» አለና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ወጣ።

እኔ የጋበዝኩት አንድ ሰው ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት ስምንት ሆንን። ከሥራ ሳንወጣ ባልደረባችን ሼረል ከፍሎሪዳ የመጣች አማቷን ጨመረችና ዘጠኝ ሞላን።

ያኔውኑ ማረም ይቻል ነበር። «አንተን ብቻ ነው ያልኩት» ለማለት አራት ቃል ይበቃል። ነገር ግን ተከትዬው ስወጣ ካልቪን ኮሪደሩ መሐል ቆሞ ለብሬንዳ እየነገራት ነበር፤ ለብሬንዳ የተነገረ ነገር ደግሞ አይመለስም። ብሬንዳ የክፍላችን ኃላፊ ናት። ድምፅዋ ከሷ ቀድሞ ነው የሚገባው።

«አንቺ ዝምተኛ!» አለችኝ ትከሻዬን ይዛ። «ለካ ውስጥ ውስጡን ድግስ ታስቢያለሽ! በይ እንግዲህ፣ ሐሳቡ ያንቺ ነው፣ መመሪያ መጻፍም ያንቺ ሥራ ነው። ዕቅዱን አንቺ ታወጪዋለሽ።»

«ዕቅድ ያስፈልገዋል?» አልኩ። «ዘና ለማለት ነው እኮ።»

«ያለ ዕቅድ ማን ዘና ይላል?» አለች። የምሯን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ላይ አንድ ግሩፕ ተከፈተ። ስሙ «ዘና» ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘና በቀን ስልሳ ጊዜ ይጮህብኝ ጀመር።

በመጀመሪያ የትኛው ሳምንት ይሁን ተብሎ ድምፅ ተሰጠ። ከዚያ ሁለት ሰው ድምፅ ሲሰጥ ስብሰባ ላይ ነበርን ስላሉ በድጋሚ ተሰጠ። ምሳ ምን ይሁን በተባለ ጊዜ ማን ምን እንደማይበላ ዘርዝሬ እንዳቀርብ ታዘዝኩ፤ ዝርዝሩ ከሙሉ ማይክሮስኮፕ መመሪያ ይረዝማል። አንዱ ስንዴ አይበላም፣ አንዷ ወተት፣ አንዷ ደግሞ ፊት ያለው እንስሳ አትበላም። የማሸጊያው ክፍል ዋልት «ወይን ራሴን ያመኛል፣ ቢራ ያለበት ይሁን» ብሎ ጻፈ። ወደ ወይን አገር እኮ ነው የምንሄደው ብዬ ልመልስለት ጽፌ አጠፋሁት። በምትኩ «እሺ፣ አያለሁ» አልኩ። ሼረል የአማቷ ውሻ መኪና ውስጥ እንደማይቆይ አሳወቀች። ካልቪን ሁላችንንም የሚይዝ ሚኒባስ እከራያለሁ አለ። ብሬንዳ በየግማሽ ሰዓቱ የተከፋፈለ ሠንጠረዥ ጠየቀችኝ። ከአራት ሰዓት እስከ አራት ተኩል የመጀመሪያው ቅምሻ። ከአራት ተኩል እስከ አምስት ሩብ ጉዳይ «ዝም ብሎ ሐይቁን ማየት»። ይህን የጻፍኩት እኔው ነኝ። እጄ እምቢ አላለም።

ካልቪን በየመልእክቱ ሥር አውራ ጣቱን ከፍ ያደርግ ነበር። በሁሉም ሥር። የውሻው ላይ ሳይቀር።

በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ፣ ምሳ ላይ፣ ብሬንዳ ካርታ ዘረጋችልን። ቁርሱን በምዕራቡ ዳር፣ ወይኑን በምሥራቁ ዳር፣ አይቡን እንደገና በምዕራቡ ዳር አድርጋዋለች።

«ከቁርስ በኋላ እንሻገራለን» አለች።

«በምን?» አለ ዋልት ሳንድዊቹን እያኘከ። «በዋና?»

«በድልድዩ ነዋ!»

«የቱ ድልድይ? ብሬንዳ፣ ሮቼስተር ተወልደሽ፣ ሮቼስተር አርጅተሽ፣ ሴኔካ ድልድይ እንደሌለው አታውቂም?»

«አርጅተሽ?»

«አርባ ማይል የሚጠጋ ሐይቅ ነው። ወይ ላይ በጄኒቫ ከተማ ትዞሪያለሽ፣ ወይ ታች በዋትኪንስ ግሌን። ለአንድ ቁራጭ አይብ።»

«እና ማርጎ ይህን ስታይ ዝም አለች?» ብላ ብሬንዳ ወደ እኔ ዞረች።

ካርታውን ያየሁት ያኔ ነበር፤ እሱን አልተናገርኩም። ይቅርታ ጠየቅሁ። አንድ ወገን መምረጥ ስላለብን ምሥራቅ ወይስ ምዕራብ ተብሎ ድምፅ ተሰጠ። ምሥራቅ በአንድ ድምፅ አሸነፈ። የሼረል አማት ድምፅ ይቆጠራል አይቆጠርም የሚለው ሌላ ሃያ ደቂቃ ፈጀ።

ከዚያ መደወል ጀመርኩ። ስልክ መደወል አልወድም። የምለውን ወረቀት ላይ ሳልጽፍ ለጥርስ ሐኪም እንኳ ደውዬ አላውቅም። በሦስት ቀን አሥራ አራት ወይን ጠማቂዎች ጋ ደወልኩ። ቅጠሉ ቀይ የሚሆንበት ሰሞን ነው፤ ከኒውዮርክ ሲቲ የሚመጣው ሁሉ በኦገስት ቦታውን ይዟል። ያልተያዘው ደግሞ ዘጠኝ ሲባል ይስቃል።

አንድ ቦታ ብቻ አልደወልኩም ነበር። ሆን ብዬ ነው። ባለፈው ዓመት መከር ላይ ብቻዬን የሄድኩበት፣ ኮረብታ ላይ ያለ ትንሽ እርሻ ነው። ሙዚቃ የለውም። ከጎተራው ጀርባ ዋርካ የሚያህል ዛፍ ሥር አንድ አግዳሚ አለ፤ ቁልቁል የወይኑ ረድፍ፣ ከረድፉ በታች ውሃው ይታያል። እዚያ ቁጭ ብዬ ነው መጀመሪያ ካልቪንን ያሰብኩት። ስለዚህ ዝርዝሬ ውስጥ አላስገባሁትም። የኔ ነው ብዬ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ካልቪን ዘና ላይ ጻፈ፦ «ይሄስ? ጸጥ ያለ ይመስላል። ቦታ የሚይዙት በስልክ ብቻ ነው።» ከሥሩ የጎተራው ፎቶ። ከፎቶው ሥር ስምንት አውራ ጣት።

ቡና ላይ ስንሰበሰብ እዚያ በር ላይ የተሰቀለውን ማስታወቂያ ነገርኳቸው። «ከስድስት ሰው በላይ አንቀበልም። አውቶቡስ አይገባም» ይላል። በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር፤ ብሬንዳ ግን ደስ አላት እንጂ አልከፋትም።

«ይሄ ምን ችግር አለው? ሁሉም ሰው የሚያደርገውን እናደርጋለን። እህቴ ለልደቷ እንደዚህ ነው ያደረገችው። ሚኒባሱ ይቅር፤ በሁለት መኪና፣ አምስትና አራት ሆነን፣ ግማሽ ሰዓት ተለያይተን እንገባለን። አንተዋወቅም። በር ላይ ብንገናኝ ሰላም አንባባልም።»

«አማቴን እንዴት አድርጌ ነው ዝም የማሰኛት?» አለች ሼረል። «እሷ እንኳን የምታውቀውን፣ ቤንዚን ቀጂውንም ትስማለች።»

«ከኋለኛው መኪና ጋር ትሁን። ካልቪን ይንዳቸው፣ ትልቅ መኪና ያለው እሱ ነው። ማርጎ ከኔ ጋር፣ ፊተኛው መኪና ውስጥ።»

«እና እኔ…» አልኩ።

«አንቺ ካልቪንን አታውቂውም።»

ዋልት ሳቀ። «እሷማ ልምድ አላት! ሦስት ዓመት ሙሉ እንደማታውቀው አይደል የምትሆነው?»

ሁሉም ሳቁ። ካልቪንም ሳቀ፤ የሱ ግን አጭር ነበር።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ሠንጠረዡን አስተካከልኩ። መኪና አንድ፣ መኪና ሁለት። ከዚያ ሁሉ ቀንና ከዚያ ሁሉ ድምፅ በኋላ፣ እኔ ባገኘሁት ኮረብታ ላይ፣ ካልቪንን እንደ ባዕድ ሰው አይቼ ዓይኔን እመልሳለሁ ማለት ነው። ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት። በሠንጠረዥ።

ደወልኩ። ያነሳችው አሮጊት ናት፤ ከበስተኋላዋ የትራክተር ድምፅ ይሰማል። ኢንግሪድ እባላለሁ አለች። ወረቀቴን አነበብኩላት፦ ቅዳሜ አምስት ሰዓት፣ አምስት ሰው፣ በማርጎ ስም። ያዘችልኝ። ሃያ ደቂቃ ጠብቄ እንደገና ደወልኩ። ብሬንዳ እንደመከረችኝ ድምፄን በአፍንጫዬ አደረግሁት።

«ቅዳሜ አምስት ተኩል ላይ ለአራት ሰው ፈልጌ ነበር።»

«የማን ስም ልበል?»

ወረቀቴን አየሁ። ሁሉንም ጽፌ ስም አልጻፍኩም።

«ካ… ካልቪን።»

«ካልቪን ነሽ?»

«አዎ። ማለቴ፣ እሱ ነው።»

 የትራክተሩ ድምፅ ቆመ።

«ልጄ» አለች፣ «ቅድም የደወልሽው አንቺ ነሽ። አሁን ደግሞ ጉንፋን ይዞሻል።»

ስልኩን ልዘጋው ነበር። ለምን እንዳልዘጋሁት አላውቅም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ።

«በጠቅላላው ስንት ናችሁ?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ። ባለፈው ቅዳሜ አሥራ አንድ ነበሩ። በሦስት መኪና ተከፋፍለው መጡ፤ በር ላይ ሲያዩዋቸው የማይተዋወቁ፣ እንደውም የተጣሉ ነው የሚመስሉት። ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ተቃቀፉ። ሦስተኛው ላይ አንዷ ጠረጴዛዬ ላይ ወጥታ ዘፈነች። ሁላችሁም እኔ ደደብ እመስላችኋለሁ።»

«አይመስሉኝም።»

«የአንቺ ድምፅ ግን ጠረጴዛ ላይ የምትወጣ ሰው ድምፅ አይደለም። ምን አገባሽ ከነሱ ጋር?»

በዚያን ጊዜ ወረቀቴ ላይ ያልነበረ ነገር ከአፌ ወጣ። ምናልባት ፊቷን ስለማላይ ይሆናል። ወደዚያ መምጣት የፈለግሁት ከአንድ ሰው ጋር ብቻ እንደነበረ፣ እሱ ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ የተባለ መስሎት ሁሉንም እንደጠራ፣ አሁን ደግሞ እሱን እንደማላውቀው ሆኜ እንድገባ ዕቅድ እንደወጣ፣ ዕቅዱንም የጻፍኩት እኔ ራሴ እንደሆንኩ ነገርኳት።

«እና ሰውዬው እስካሁን አያውቅም?»

«አያውቅም።»

«ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ሦስት ሳምንት።»

«በሦስት ሳምንት እኔ ግማሹን ኮረብታ ለቅሜ፣ ጨምቄ፣ በርሜል ውስጥ ከትቻለሁ» አለች። «ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ነው፣ ጉልበቴም ያመኛል። ካንቺ አራት ቃል አልወጣም። ስሚ። ሁለቱንም ሰርዣቸዋለሁ። ለዘጠኝ ሰው ቦታ የለኝም፤ በአምስትም በአራትም ብትከፍዪው የለኝም። ከዚያ በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ግን አንድ የሁለት ሰው ጠረጴዛ ቀርቷል። እስከ ነገ አራት ሰዓት እይዘዋለሁ። ካልደወልሽ ለሌላ እሰጠዋለሁ፤ የሚጠይቅ ሞልቷል።»

«እስከ ነገ?»

«ወይኑ አይጠብቀኝም፣ እኔም አንቺን አልጠብቅም» ብላ ዘጋችው።

ምሳ ላይ ሁሉም ተሰብስበው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። ታውቆብናል፣ ቦታ የለም አልኩ።

«እንዴት ታወቀ?» አለች ብሬንዳ።

«ድምፄን ለየችው።»

«በአፍንጫሽ አድርጊው አላልኩሽም?»

«አድርጌዋለሁ።»

«ወይኔ ጉዴ! አንድ ትንሽ ውሸት እንኳ የማትችል ልጅ! አሁን ከየት ነው በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ሌላ ቦታ የምታመጪው? ነገውኑ ከደቡቡ ጫፍ ጀምረሽ በተራ ትደውያለሽ…»

«አልደውልም» አልኩ።

ብሬንዳ ያልሰማች መሰላት። ሠንጠረዡን፣ የምግቡን ዝርዝርና የስልክ ቁጥሮቹን ከአቃፊዬ አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩ። አራት ገጽ ነበር። «ቀሪውን አንቺ ጨርሺው። እኔ ቅዳሜ አልመጣም።» በኋላ ዋልት ደፋር ሆነሻል ብሎኛል። ድፍረት አልነበረም፤ ሰልችቶኝ ነው። ሰው ሲሰለቸው ድፍረት የሚመስል ነገር ያደርጋል።

ካልቪን የመኪና ማቆሚያው ጋ ደረሰብኝ። እየሮጠ ስለመጣ ያለከልካል።

«ምን ሆነሽ ነው? ሐሳቡ ያንቺ አይደል እንዴ?»

«የኔ ሐሳብ ውስጥ ዘጠኝ ሰው አልነበረም።»

«ስንት ነበር?»

«ሁለት።»

ቅንድቡን ሰብሰብ አድርጎ አሰበ። አውቃለሁ፣ የምሩን ነው ያሰበው።

«አንቺና ማን?»

«ካልቪን!»

በዚያ መሥሪያ ቤት ጮኼ አላውቅም። ሁለት መኪና አልፎ ዕቃ የሚያወርድ ሰውዬ ዞሮ አየን። ካልቪን ጆሮው መቅላት ጀመረ፤ ከዚያ አንገቱ። የሰው መኪና አፍንጫ ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ እኮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ከአውራ ጎዳናው ወዲህ ያለውን መኪና አከራይ ሚኒባስ እንዲያከራየኝ ስለምነው ነው የሰነበትኩት።»

«አውቃለሁ። ሠንጠረዡ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሳልጨርስ ሮጠህ ወጣህ።»

«የዚያን ቀን ሮጥኩ። ከዚያ በኋላስ? ሦስት ሳምንት የት ሮጥኩ?»

 እሱ ጀምሮ ነበር፣ አላቆመም።

«ሦስት ዓመት አብረን ሠርተናል። አንድ ቀን ምሳ አብረሽኝ በልተሽ አታውቂም። እንደምን አደርሽ ስልሽ ወረቀትሽን ታያለሽ። አሳንሰር ውስጥ ካገኘሁሽ በደረጃው ትወርጃለሽ። ዋልት እንኳ ይስቅብኛል። እና አንድ ማክሰኞ ተነስተሽ ሐይቅ እንሂድ ስትዪኝ፣ ለኔ ነው ብዬ እንዴት ልገምት? ንገሪኛ!»

እውነቱን ነበር። እውነቱን መሆኑ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ። የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር ፈለግሁ፤ አልነበረኝም።

«አሁን ትሄዳለህ አትሄድም?» አልኩት። «ሴትየዋ እስከ ነገ አራት ሰዓት ብቻ ነው የምትጠብቀው።»

«የቷ ሴትዮ?»

«ካልቪን፣ እባክህ።»

«እሺ፣ እሺ። ግን ቅዳሜ እነዳችኋለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። የሼረል አማት በስልክ ሁለት ጊዜ አመስግናኛለች።»

«ንዳቸው። የኛ ከዚያ በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ነው።»

«ሁለት ሰው።»

«ሁለት።»

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። እጄ ላይ የኔም ጮኸ። ብሬንዳ ዘና ላይ አዲስ ድምፅ መስጫ ከፍታለች። ካልቪን አውጥቶ አየው፣ ምንም ሳይጫን መልሶ ከተተው፣ «እሺ፣ እሑድ» አለ፤ ከዚያም የቀረውን የሥራ ሰዓት ለመጨረስ ተከታትለን ገባን። ዋልት በሩ ላይ ቆሞ ሁለታችንንም እያየ አንድ ነገር ሊል ነበር፤ ፊቴን ሲያየው ተወው።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ለኢንግሪድ ደወልኩና ጠረጴዛውን ያዝኩ። ቅዳሜ ካልቪን ሰባቱን ይዞ ሄደ፤ እኔ ቤት ዋልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ሁለታችን በሱ መኪና ሄድን፣ ቀኑን ሙሉ ዘነበ፤ እኛም ሳንጣደፍ ዋልን።